ሳምንቱን ወንበር፣ ቅዳሜ ማዕበል፦ ትከሻዬ እምቢ አለኝ (ሳንዲያጎ)

የሲቲ ሃይትሱ ልጅ
ሰላም የሳንዲያጎ ልጆች። ጥያቄዬ ያስቃችሁ ይሆናል፣ እኔ ግን የምሬን ነው። የኮምፒውተር ሥራ ነው የምሠራው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እንደ ጉልቻ ተጎልቼ ነው የምውለው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላሆያ ሾርስ የባሕር ዳርቻ ወስዶ ሰርፊንግ (በቦርድ ማዕበል ላይ መንሸራተት) አስጀመረኝ፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እዚያው ነኝ። አሁን ግን 20 ደቂቃ ሳልቀዝፍ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቀኝ ትከሻዬን እጄን ከፍ ሳደርግ ውስጡን ይወጋኛል፣ ጃኬት ስለብስ እንኳ። ባለፈው ማዕበሉ መጥቶ ብድግ ልል ስል ወገቤ አልታዘዝ አለኝና በአፍንጫዬ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። ሐኪሜ ጋ ስደውል ለፊዚዮቴራፒ ሪፈራል ያስፈልጋል፣ ቀጠሮው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው አሉኝ። ኢንሹራንሴ ኤችኤምኦ ነው፣ በራሱ ሐኪሞችና በሪፈራል የሚሠራው ዓይነት። እስከዚያ ምን ላድርግ? ሳይጠብቁ ቴራፒስት ማየት ይቻላል? ሳምንቱን ተቀምጣችሁ ውላችሁ ቅዳሜ ስፖርት የምትሠሩስ እንዴት ነው የምትችሉት?

ፊዚዮዋ
ክሊኒክ ውስጥ የቴራፒስት ረዳት ነኝ። ሳትታይ ይህ ነው አልልህም፣ ግን አንተን የሚመስሉ ብዙ አያለሁ። ሰው ሰርፊንግ ማዕበል ላይ መቆም ይመስለዋል። ከጊዜው ግማሽ ያህሉ በሆድ ተኝቶ መቅዘፍ ነው፣ ቆመህ የምትሄድባት ደቂቃ ትንሽ ናት። ወንበር ላይ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ተቃራኒውን ትሠራለህ። ጀርባህ ይጎብጣል፣ ትከሻህ ወደ ፊት ይመጣል፣ አንገትህ ወደ ስክሪኑ ይሰግጋል። ቅዳሜ ቦርዱ ላይ ስትተኛ ያ የደረቀ ጀርባ ቀና አልል ሲል የሱን ሥራ ትከሻህ ይሠራል።

ፎጣ ጠቅልልና መሬት ላይ አጋድመው፣ ከመሃል ጀርባህ ሥር አድርገህ ሁለት ደቂቃ ተንጋለልበት። ክንድህን በር መቃን ላይ ደግፈህ ደረትህን 30 ሰከንድ ክፈት። ላስቲክ የበር እጀታ ላይ እሰርና ክርንህን ከጎንህ ሳታርቅ ወደ ራስህ ሳብ። ብድግ ማለት ያቃተህ ደግሞ ከዳሌህ ይመስለኛል፤ ተቀምጦ የዋለ ዳሌ እግርን ቶሎ ወደ ፊት አያስገባም። በአንድ ጉልበትህ ተንበርክከህ የጭንህን ፊት ዘርጋ፣ ከዚያ ምንጣፍ ላይ ብድግ ማለቱን ተለማመድ፣ ቀስ ብለህ። በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበር ተነስ። ለትንፋሹ መዋኛ ገንዳ ጥሩ ነው፣ አንድ ርዝመት በፍጥነት፣ ትንሽ እረፍት፣ እንደገና፤ ግን ትከሻህ እየወጋህ አይሆንም። ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰህ ወይም ክንድህ ከደነዘዘ ስድስት ሳምንት አትጠብቅ።

22 ዓመት በካሊፎርኒያ
ልጄ፣ ሲስተሙን ለእኔ ተወው። አንደኛ፣ በፈረንጅ ከ2014 ጀምሮ እዚህ ስቴት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀጥታ ፊዚዮቴራፒስት ጋ መሄድ ይቻላል። 12 ጊዜ ወይም 45 ቀን፣ ቀድሞ የሞላው። ከዚያ በላይ ሐኪም አይቶህ መፈረም አለበት። ግን ሕጉ ፈቀደ ማለት ኢንሹራንስህ ይከፍላል ማለት አይደለም፤ ኤችኤምኦ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከኪስህ ነው፣ ስለዚህ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ስንት እንደሆነ ደውለህ ጠይቅ። ሁለተኛ፣ አስቸኳይ ላልሆነ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ እንኳ በመደበኛው ከ15 የሥራ ቀን በላይ ማስጠበቅ የለባቸውም። ደውልና «ታይምሊ አክሰስ» (በጊዜ የመታየት ደንብ) በላቸው፣ ድምፃቸው ሲለወጥ ትሰማለህ።

ሦስተኛው ነው ዋናው። የታመመው ማውስ የሚይዘው እጅ ነው አይደል? የሥራ ጉዳት ነዋ! ለአለቃህ በ30 ቀን ውስጥ አሳውቅ፤ እሱም በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ዲደብልዩሲ-1 የሚባለውን የሥራ ጉዳት ካሳ መጠየቂያ ፎርም ሊሰጥህ ግድ ነው።

እትዬ ኖርዝ ፓርክ
ባሕር አይደፈርም ልጄ። እናትህ ታውቃለች? ቦርድ የምትሉት ስንት ነው ደግሞ፣ 500 ዶላር? በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ነገር ይሠራል። ብሩም ተንሳፈፈ፣ አንተም ተንሳፈፍክ።

የሲቲ ሃይትሱ ልጅ
እትዬ፣ ቦርዱ ያገለገለ ነው፣ 180 ነው የገዛሁት። ብሩ ሐምሌ 2016 ከተንሳፈፈ ወዲህ ደግሞ «ላክልኝ» የሚለው ስልክ አልቀነሰም፤ ዕቃውም አብሮ ተንሳፍፏል። እናቴ ዋና ገንዳ ነው የሚመስላት፣ አደራ።

የጣና ልጅ
መቅዘፍ ስትሉ ሆዴን አባባችሁት። ባሕር ዳር ልጅ ሆኜ ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ሲመጡ ቆሜ አይ ነበር። ታንኳው ውሃ ይጠጣል፣ ሲደርሱ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል፣ እነሱም ከወገብ በታች እርጥብ ናቸው። ያን ሁሉ ቀዝፈው ደግሞ እንጨቱን ተሸክመው ገበያ ይወጣሉ። ትከሻዬን ሲሉ አልሰማሁም፤ ብለውም ይሆናል፣ ማን ይጠይቃቸው ነበር። እዚህ ውሃው ክረምት ላይ 14 እና 15 ዲግሪ ነው፣ ያለ ዌትሱት (ሙቀት የሚይዝ የዋና ልብስ) አይሞከርም። አንድ ጊዜ ገብቼ ጨው ጨው ሲለኝ ወጣሁ። ሐይቅ ነው የለመድኩት።

ፊዚዮዋ
ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ሦስተኛውን ምክርዎን ባይሰጡት። ሰርፍ ላይ የመጣን ሕመም ከሥራ ነው ብሎ መፈረም ወንጀል ነው። ልጁን ጣጣ ውስጥ አንክተተው።

22 ዓመት በካሊፎርኒያ
ዋሽ አልኩት እንዴ? ወንበሩ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ! ከላይ ተጽፏል፣ አንብቢው።

ፊዚዮዋ
ወንበሩ አደረቀው፣ ቅዘፋው አሳመመው ነው ያልኩት። ሁለቱንም ለሐኪሙ ይንገርና ሐኪሙ ይወስን። ሰርፍ መሥራቱን ደብቆ ግን አይሆንም።

22 ዓመት በካሊፎርኒያ
ደብቅ ያለው ማን ነው? ሰው መብቱን ሲጠይቅ ለምን ትፈሩለታላችሁ? ፈረንጁ ቢሆን እስካሁን ሞልቶት ነበር።

ባለ መጋዘን
እኔ ዕቃ ሳነሳ ወገቤን ተጎድቼ፣ ካሜራ እያየኝ፣ ስምንት ወር ተከራክሬአለሁ። ለእሱማ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለጥፋቸውን የባሕር ፎቶዎች አትመው ነው የሚጠብቁት።

22 ዓመት በካሊፎርኒያ
ጠበቃ ስላልያዝክ ነው ወንድሜ።

የሲቲ ሃይትሱ ልጅ
ኧረ ፎርሙን ተዉት፣ አልሞላም። «ታይምሊ አክሰስ» ያልኳቸው ጊዜ ግን ሴትየዋ ዝም አለችና መልሼ እደውላለሁ አለችኝ። ትናንት ከሥራ ስወጣ ሚሽን ቤይ ሄድኩ፣ እዚያ ማዕበል የለም፣ 15 ደቂቃ ቀስ ብዬ ቀዘፍኩ። ወግቶኛል፣ ግን ቀለል ይላል። የፎጣው ነገር ጥሩ ነው፣ ጀርባዬ ቀጭ ሲል ጎረቤት ሰምቷል። ቅዳሜ ልሂድ ወይስ ልቅር? እሱን ማንም አልመለሰልኝም።

22 ዓመት በካሊፎርኒያ
ስልኳን፣ ስሟንና ሰዓቱን ጻፍ። ፎርሙንም ቢያንስ ጠይቅ።

እትዬ ኖርዝ ፓርክ
ቅዳሜም ሰንበት ነው። ይልቅ ቤት ና፣ ከአገር ቤት ቅቤ መጥቶልኛል፣ ትከሻህን አሽልሃለሁ።

ፊዚዮዋ
እትዬ፣ በርትተው እንዳያሹት!

የሲቲ ሃይትሱ ልጅ
ስንት ሰዓት ልምጣ እትዬ?