የሦስቱ ደጋፊ ማኅበራት የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን እንጨርሰው

ጸሐፊ
እንደምን ሰነበታችሁ። እሑድ በተስማማነው መሠረት ለሊጉ ቦርድ የምናቀርበውን የመጀመሪያውን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። ሦስታችንም የከተማ አስተዳደር በጀት የሚመድብላቸው የእግር ኳስ ክለቦች ደጋፊዎች ነን። በየዓመቱ መስከረም ላይ ስለ ዋንጫ እናወራለን፣ መጋቢት ላይ ላለመውረድ እንጸልያለን።

መግቢያው ላይ ታሪኩን እንዲህ አስቀምጬዋለሁ። ፕሪምየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 እስከ 2009 ዓ.ም. በነበሩት 20 የውድድር ዘመናት ቅዱስ ጊዮርጊስ 14 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። የቀረውን መብራት ኃይልና ሐዋሳ ከነማ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ኢትዮጵያ ቡናና ደደቢት አንድ አንድ ጊዜ ወስደዋል። ከ2010 ጀምሮ ጅማ አባ ጅፋር፣ መቐለ 70 እንደርታና ፋሲል ከነማ ዋንጫ ሲያነሡ እኛም ተራችን የደረሰ መስሎን ነበር። በ2014 እና በ2015 ጊዮርጊስ ተመለሰ፤ በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን ወሰዱት። እንግዲህ ከፊታችን ያለው አንድ ኃያል ክለብ ብቻ አይደለም፤ ባንክና ኢንሹራንስም ተጨምረዋል።

ረቂቁ ሦስት ጥያቄዎችን ይዟል፦ የደመወዝ ጣሪያ እንዲከበር፣ ከቴሌቪዥን መብት የሚገኘው ገንዘብ ለታችኞቹ ክለቦች እንዲያደላ፣ እያንዳንዱ ክለባችን በክረምቱ የዝውውር መስኮት ሁለት አጥቂና አንድ ግብ ጠባቂ እንዲያስፈርም። እርማታችሁን እጠብቃለሁ።

ሒሳብ ያዥ
እህቴ፣ መግቢያው ጥሩ ነው። ሦስተኛውን ነጥብ ግን አልፈርምበትም።

በ2016 ወደ ሊጉ አብረው ያደጉት ሦስት ክለቦች ንግድ ባንክ፣ ሀምበሪቾና ሻሸመኔ ከተማ ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ ባንክ ዋንጫ አነሣ፣ ሁለቱ ወረዱ። በገንዘብ ግዢ እንወዳደር ካልን ከማን ጋር እንደምንወዳደር ይህ አንድ ዓመት ይነግረናል። ጅማ አባ ጅፋርንም አስታውሱ፤ ባደገበት ዓመት በ2010 ሻምፒዮን ሆኖ አገሩን ሁሉ አስደነቀ፤ በ2014 ወረደ። ደደቢትም በ2005 ሻምፒዮን ሆኖ በ2011 ወርዷል። በሰው ወርቅ አይደመቅም።

የእኛን ክለብ መዝገብ ደግሞ አውቀዋለሁ። በጀቱ ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፣ ጭብጨባው ነሐሴ ላይ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ተጫዋቾቹ ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ያቆማሉ። አምና የተከላካያችን ባለቤት ወልዳ ከሆስፒታል ለመውጣት የከፈለችው ደጋፊዎች በባርኔጣ ባዋጡት ብር ነው። እንዲህ ያለ ክለብ ሦስት ውድ ተጫዋች ሲያስፈርም ዕዳ ገዛ ማለት ነው።

የወጣቶች ክንፍ ተወካይ
ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። እናንተ መዝገብ ታያላችሁ፣ እኔ በየሰፈሩ መዋጮ እሰበስባለሁ። ሰው "ማንን አስፈረማችሁ?" ይለኛል። አንድም ስም ካልጠራሁ በሩን ይዘጋብኛል። ደጋፊ ተስፋ ሳያይ ገንዘብ አያወጣም። ታዳጊ እናሳድጋለን ብለን እስኪያድጉ ድረስ ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ከፍተኛ ሊግ ብንወርድስ?

የቀድሞ ተጫዋች
ልጄ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ግዢው ላይ አይደለም። ረቂቁ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ረስቶታል፤ ሜዳችንን።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄዳል። ኮሮና ነበር፣ የቴሌቪዥን ስርጭቱ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ይፈልግ ነበር፤ ያኔ ምክንያቱ ገብቶኛል። ነገር ግን ትንሽ ክለብ በትልቅ ክለብ ላይ ያለው አንዱ ብልጫ የራሱ ሜዳ ነው። እኔ ስጫወት ከአዲስ አበባ የሚመጡት ትልልቆቹ ቡድኖች ገና ከአውቶቡስ ሳይወርዱ ፊታቸው ይለወጥ ነበር። የሜዳችን የሰሜኑ ጥግ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ኳስ እዚያ ስትደርስ ወዴት እንደምትነጥር እኛ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። ከጎሉ ጀርባ ያለው ሕዝብ ከበሮውን ሲመታ ግብ ጠባቂያቸው የተከላካዩን ድምፅ አይሰማም። ዘጠና ደቂቃ እንዲህ ተጫውቶ ነጥብ ይዞ የሚመለስ ጥቂት ነበር።

አሁን ልጆቻችን "ባለሜዳ" ተብለው በሰው ከተማ፣ በጥቂት ተመልካች ፊት ይጫወታሉ። ዓመቱን ሙሉ የሆቴል አበል ይከፈላል፣ የመግቢያ ገቢ የለም። በሩ ላይ ቆሎና ሻይ የሚሸጡት እናቶች እንኳ ሌላ ሥራ ፈልገዋል። ባንኩና ኢንሹራንሱ ያለ ደጋፊም ይኖራሉ፤ እኛ ያለ ሜዳችን የምንኖርበት ነገር የለንም።

አባል ከዋሽንግተን
ጋሼ፣ አነጋገርዎ እንባዬን አመጣው። ግን ቦርዱ የሚያነሣብንን ጥያቄ አስቀድመን እንመልስ፤ ፋሲል ከነማ በ2013 ሻምፒዮን የሆነው ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄዱ አይደለም እንዴ?

የቀድሞ ተጫዋች
ነው። ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። ያ ቡድን ግን በ2013 የተፈጠረ አይደለም። ጎንደር ላይ በሞላ ሜዳ፣ በደጋፊው ፊት የተሠራ ቡድን ነው። በ2011 የኢትዮጵያ ዋንጫን ወስዷል፤ የሊጉንም ዋንጫ እስከ መጨረሻው ድረስ ተፋልሟል። ሜዳው ያፈራውን ነው በኋላ በሰው ሜዳ የበላው። የዛሬ ታዳጊ ክለብ ያንን ከየት ያመጣል?

ሒሳብ ያዥ
ይህ ቃል በቃል ይግባ። የቴሌቪዥኑን ነጥብ ከዚሁ ጋር እናያይዘው። ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር የተፈረመበት ስምምነት ለሊጉ ትልቅ ነገር ነበር፤ አናጣጥለውም። ነገር ግን "ለእኛ አብልጣችሁ ስጡን" ብንል ሁሉም ክለብ ያንኑ ይላል። ከቴሌቪዥን ገቢው የተወሰነው ለሜዳ ማሻሻያ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ ብንል ግን የሚደግፉን ይበዛሉ፤ ሳር፣ ፓውዛ፣ የመልበሻ ክፍል፣ የካሜራ ማማ። የደመወዝ ጣሪያውን አሳጥሩት፤ በ2011 ክረምት ክለቦቹ ራሳቸው በ50,000 ብር ተስማምተው አልጸናም፤ እኛ ስለ ጻፍን አይጸናም።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ
ስለ ልጆቹ ልናገር። ሠላሳ አራት ልጆች፣ ሁለት ኳስ አለኝ፤ አንደኛው ሌሊቱን ይተነፍሳል፣ ጠዋት ጠዋት ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ወስጄ አስነፋዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት አማካይ ነበረኝ። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ የሚያይ ልጅ፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። አንድ ሀብታም ክለብ መጥቶ ወሰደው። ውል ስላልነበረው ክለባችን ያገኘው ነገር የለም፤ ልጁም እዚያ ተቀምጦ ውኃ ያመላልሳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ያሉት ልጆች በወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይመዝገቡ፤ ሦስታችንም አንዱ የሌላውን ልጅ ያለ ስምምነት ላለመውሰድ ቃል እንግባ። እርስ በርሳችን እየተነጣጠቅን ትልልቆቹን መውቀስ አንችልም።

የወጣቶች ክንፍ ተወካይ
ጋሼ፣ አሠልጣኝ፣ ተረትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተዉልኝ፤ ለእያንዳንዱ ክለብ አንድ ልምድ ያለው ተጫዋች፣ በአንድ ዓመት ሳይሆን በሁለት ዓመት ውል፣ ደመወዙም ከመዋጮው ሳይሆን ከበጀቱ አስቀድሞ የተያዘለት። ለሰፈሩ የምጠራው ስም ይኑረኝ።

ሜዳ ከተመለሰልን ደግሞ የኛም ኃላፊነት ይጻፍ። ከዚህ በፊት በየሜዳው ድንጋይ ተወርውሯል፣ ሰው ተጎድቷል፤ ጨዋታ ወደ ከተማችን አይምጣ የሚሉ ሰዎች ያንን ይጠቅሳሉ፣ እውነታቸውን ነው። አስተባባሪ ወጣቶችን እኔ እመለምላለሁ፤ የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ከመናኸሪያ እስከ ትሪቡን በእኛ ልጆች ታጅቦ ይግባ።

አባል ከዋሽንግተን
ከእኛ በኩል፦ በየዓመቱ ለውድድር የምንገናኝ አባላት አሉን፤ ወርኃዊ መዋጮ እንጀምራለን። የምንልከው ለታዳጊዎቹ ብቻ እንዲውል በጽሑፍ ይያዝ። ኳሶቹን ግን ከሁሉ አስቀድሜ በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ጸሐፊ
ሦስተኛውን ነጥብ ሰርዣለሁ፤ ስጽፈው እኔም ልቤ አላረፈበትም ነበር። አዲሱ ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦

"ሊጉ ጨዋታዎችን ወደየክለቦቹ ከተማ የሚመልስበት የጊዜ ሰሌዳ እንዲያወጣ፣ ከቴሌቪዥን ገቢውም ለሜዳ ማሻሻያ የተለየ ገንዘብ እንዲመድብ እንጠይቃለን። ሜዳ ለሚመለስለት ከተማ የደጋፊው ሥነ ሥርዓት የማኅበራችን ኃላፊነት ይሆናል። ክለቦቻችን ታዳጊዎቻቸውን በውል ይመዘግባሉ፤ በመካከላቸውም ያለ ስምምነት ተጫዋች አይወስዱም። በእያንዳንዱ ክረምት አንድ ልምድ ያለው ተጫዋች በሁለት ዓመት ውል ይፈርማል፤ ደመወዙ ሳይያዝ ውል አይፈረምም።"

የደመወዝ ጣሪያው በአንድ ዓረፍተ ነገር መግቢያው ውስጥ ገብቷል። ሒሳብ ያዥ የሦስቱን ክለቦች የሆቴልና የጉዞ ወጪ ከየመዝገቡ ለቅመው እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ፤ ያለ እሱ ጥያቄያችን ባዶ ነው። ጋሼ፣ ለቦርዱ የሚያቀርቡት እርስዎ ይሁኑ፤ የሰሜኑን ጥግ ነገር እንዳይተዉት። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ማኅተማችሁን ይዛችሁ ኑ።