ልጄን ከኳርተርባክ አንስተው ሪሲቨር አደረጉት፣ ዝም ልበል?

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። እኔም አባቱም በእግር ኳስ ነው ያደግነው፤ የአሜሪካ ፉትቦል ግርግር ነው የሚመስለን። ልጁ ግን ኳርተርባክ እሆናለሁ ብሎ ሰመሩን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ሲወረውር ከረመ። ልምምድ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አሰልጣኙ፣ «ልጅሽ የተፈጥሮ ፍጥነት አለው፣ ሪሲቨር ይሁን፣ እየሮጠ የተወረወረ ኳስ ይቀበል» አለኝ። አመስግኜ ተመለስኩ። ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ እራት በወጉ አይበላም። የቦታ ለውጥ ይህን ያህል ያስከፋል?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ያስከፋል። አሰልጣኙን አላውቀውም፤ ልክ ሊሆንም ይችላል። ግን ያቺ ሙገሳ እዚህ አገር የቆየች ናት።

ኳርተርባክ ጨዋታውን የሚመራው ሰው ነው። የተቃራኒን አሰላለፍ አይቶ ኳሱ የት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህ ቦታ የነጭ ነበር። ጥቁር ይሩጥ፣ ማሰቡን ለሌላ ይተው። ይህን አንዳንዱ በአፉ ይለው ነበር፤ አብዛኛው ግን የሚናገረው በምደባው ነው።

ከ1934 እስከ 1945 ድረስ በኤንኤፍኤል፣ በትልቁ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ አንድም ጥቁር አልተጫወተም። በ1953 ዊሊ ትሮወር የሚባል ጥቁር ኳርተርባክ ለቺካጎ ቤርስ ቡድን ተቀይሮ ገባ። የአባቱ ስም «ወርዋሪ» ማለት ነው፣ አይገርምም? 8 ወርውሮ 3 ተሳካለት። ከዚያ ዓመት በኋላ በሊጉ አልታየም።

የአንቺን ልጅ የሚመስለው ግን ማርሊን ብሪስኮ ነው። በ1968 ዴንቨር ብሮንኮስ ሲመርጠው ለተከላካይነት ነበር። እሱ ግን ለኳርተርባክነት የሦስት ቀን ሙከራ ስጡኝ ብሎ ተደራድሮ ገባ። ዋናው ሰው ሲጎዳ ተራው ደረሰውና በዚያው ዓመት 14 የተችዳውን (እንደ ጎል የሚቆጠር) ኳስ አቀበለ። በዘመናዊው ፕሮፌሽናል ፉትቦል ቋሚ ሆኖ የጀመረ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ነው። በዓመቱ ለቦታው እንዲወዳደር እንኳ አልፈቀዱለትም። ወደ ቡፋሎ ሄዶ ሪሲቨር ሆነ፣ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፣ ኋላም ከማያሚ ጋር ሁለት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ) በላ። «አየህ፣ ቦታውን አገኘ» የሚል አይጠፋም። እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ከ14ቱ በኋላ ስንት ይጨምር እንደነበር ማን ያውቃል?

ዋረን ሙን ደግሞ ቦታ ቀይር ሲባል እምቢ አለ። በ1978 የሮዝ ቦውል (የዩኒቨርሲቲዎች ትልቅ ጨዋታ) ኮከብ ሆኖ ሳለ በድራፍት፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ የመረጠው ቡድን አልነበረም። ካናዳ ሄደ፣ ከኤድመንተን ጋር አምስት ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ነው በ1984 ሂውስተን የጠራው።

የኛ የዲሲ ቡድንማ ጉድ ነው። እስከ 1962 ድረስ ጥቁር አላስገባም ብሎ ከሁሉም የመጨረሻው ነበር፤ ያስገባውም የፌዴራል መንግሥት አስጨንቆት ነው። ያው ቡድን ጥር 1988 ሱፐር ቦውል ላይ ዳግ ዊልያምስን አሰለፈ። ዊልያምስ ከጨዋታው በፊት በነበረው ቀን ጥርሱን ሲታከም ነው የዋለ። በመጀመሪያው ሩብ 10 ለ 0 ተመርተው፣ ጉልበቱም ታጥፎበት፣ በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት ተችዳውን አቀበለ። 42 ለ 10 አለቀ። ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ እሱ ነው።

ይህ የድሮ ነው እንዳትዪኝ። አጠገብሽ ባልቲሞር ያለው ላማር ጃክሰን በ2018 ከድራፍቱ በፊት ሪሲቨር ሁን የሚሉት ነበሩ። በ32ኛ ተመረጠ። በቀጣዩ ዓመት በሙሉ ድምፅ የሊጉ ምርጥ ተባለ። ልጅሽ ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ እራቱን የዘጋበትም ለዚህ ይመስለኛል።

አሰልጣኙን በጨዋ ደንብ ጠይቂው። ስንት ቀን ወረወረ? ከማን ጋር ተወዳደረ? ዘር የሚል ቃል አታንሺ፣ ሙከራ ጠይቂ።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ሁሉን ነገር ከዘር ጋር አናያይዝ። ምናልባት የልጁ ክንድ ገና አልጠና ይሆናል። እኛ ደግሞ ሐበሾች ነን፣ የነሱን ሸክም ለልጆቻችን ለምን እናሸክማለን?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

የክንዱን ነገር እቀበላለሁ፣ ለዚህ ነው ሙከራ ያልኩት። «ሐበሾች ነን» የሚለውን ግን አሰልጣኙ አይሰማውም። እሱ የሚያየው ጥቁር ልጅ ነው። ኤንኤፍኤል ራሱ ጭንቅላታቸው ለተጎዳ የቀድሞ ተጫዋቾች ካሣ ሲከፈል፣ ጥቁሮች ሲጀምሩም የማሰብ ችሎታቸው ዝቅ ያለ ነው የሚል ስሌት ይሠራበት ነበር። ስሌቱ እንዲቀር የተባለው በ2021 ነው፣ ትናንት ማለት ነው። ስሌቱ «አንተ ከየት ነህ?» ብሎ አይጠይቅም።

ከጠያቂዋ

ዛሬ ሄጄ አነጋገርኩት። ልጁ ወርውሮ የታየው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። አሰልጣኙ ትንሽ ቅር አለው፣ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ቀን ከሌላው ልጅ እኩል ይወርውር ብሏል። ማታ ለልጁ ስለ ብሪስኮ ሳወራለት፣ «እሱን ደግሞ ማን ነገረሽ?» አለኝ። እንጀራ አስጨመረ።