ዕረፍትም እንደ ተጨማሪ ሥራ ሲቆጠርብን

ጥያቄ፦ ከ«ጎሕ»

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ቀኑን ሙሉ በሒሳብ ሥራ ላይ እውላለሁ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ የታመሙት እናቴ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። የሚጠበቅብኝን ሁሉ እየሠራሁ ነው፤ ልጆቹ በልተውና ለብሰው በሰዓቱ ይወጣሉ፣ የእናቴ መድኃኒት ተዛንፎ አያውቅም፣ በመሥሪያ ቤትም ወቀሳ የለብኝም። ሆኖም ከጥቂት ወራት ወዲህ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና የነገውን ሥራ ስቆጥር ይነጋል። ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ ውኃ ስላፈሰሰ ብቻ አለቀስኩ፤ ያባበለኝም እርሱ ነው።

ምክር መጠየቄ አልቀረም። «በደንብ ተኚ፣ እንቅስቃሴ አድርጊ፣ ለራስሽ ጊዜ ስጪ» ይሉኛል። ምክሩ ትክክል መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በሰማሁት ቁጥር በሥራ ዝርዝሬ ላይ ሦስት መስመር የተጨመረ ያህል ይሰማኛል፤ ሳልፈጽመው ስቀር ደግሞ ራሴን በመንከባከብም ሰነፍ ሆንኩ ብዬ አፍራለሁ። ከኃላፊነቴ የማወርደው ነገር በሌለበት ሁኔታ የአእምሮ ጤናን መጠበቅ በተግባር ምን ማለት ነው? ድካም አብቅቶ ሕመም የሚጀምረውስ የት ላይ ነው?

ምላሽ፦ ከ«አማካሪ»

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ፤ ይሁንና ያላየሁትን ሰው ሁኔታ በጽሑፍ መወሰን ስለማይገባኝ የምለው ሁሉ በጥቅሉ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ውስጥ ከሥራ ውጥረት የሚመጣን መዛል የገለጸው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር እንደተያያዘ ክስተት ነው፤ መለያዎቹም የኃይል መሟጠጥ፣ ሥራውን በልብ መራቅና የውጤታማነት መቀነስ ናቸው። ድባቴ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሐዘን ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ ለነበረ ነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታና የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሲይዝ፣ ከዚህም ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት ወይም የከንቱነት ስሜት ሲታከልበት፣ ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሰዎችን ብዙ ጊዜ የምጠይቀው «ሸክምዎን ሌላ ሰው ለሁለት ቀን ቢይዝልዎ ምን ይሆናሉ?» ብዬ ነው። የደከመ ሰው ጥቂትም ቢሆን ይመለሳል፤ ድባቴ የያዘው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዕረፍቱም አይጣፍጠውም። ይህ መነሻ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መዛባት ድባቴን የሚመስል ድካም ያመጣሉ፤ በተራ የደም ምርመራም ይታወቃሉ። «ባልኖርኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ለሰው መናገርና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ምላሽ፦ ከ«የአባቱ ልጅ»

አባቴን ለስድስት ዓመት አስታምሜአለሁ። ያደከመኝ ሥራው ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ በኋላ የተረዳሁት ግን ከመሥራቱ ይልቅ አለመርሳቱ እንደጎዳኝ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅስዎትም ይኸው ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በ57 ወጣቶች ላይ የተደረገ የእንቅልፍ ጥናት አለ። ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ በሚቀጥሉት ቀናት የሚጠብቃቸውን ሥራ የጻፉት፣ የፈጸሙትን ሥራ ከጻፉት ይልቅ በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝሩ ይበልጥ የተብራራ በሆነ መጠንም እንቅልፉ ፈጠነ። ዘጠኝ ደቂቃ ብዙ አይደለም፤ ጥናቱም ትንሽ ነው። እኔን የጠቀመኝ «ሐኪም ዘንድ መደወል» ብሎ መጻፍ ሳይሆን «ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደውዬ የእግሩን እብጠት እነግራለሁ» ብሎ መጻፍ ነው። የመጀመሪያው ስጋት ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው ግን ቦታና ሰዓት ስላለው አእምሮ ይለቀዋል።

ምላሽ፦ ከ«ዳርቻ»

ከላይ የተባለውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ወረቀቱ የረዳኝ ለአንድ ወር ብቻ ነበር። ዝርዝሩ ከራሴ ወደ ደብተር ቢዛወርም ባለቤቱ እኔው ነበርኩ። ባለቤቴ ሰነፍ ሰው አይደለም፤ «ምን ልሥራ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ችግሩ ግን ያ ጥያቄ ራሱ ነበር፤ ማሰቡን ለእኔ ትቶ እጁን ብቻ ያበድረኝ ነበርና። ስለዚህ እርዳታ መጠየቅን ትቼ አንድን ጉዳይ ከሥሩ ማስረከብ ጀመርኩ፤ የልጆቹን ልብስ በሙሉ፣ መቼ እንደሚያጥር ማወቁን፣ መግዛቱን፣ ማጠቡን ጭምር። ሁለት ጊዜ ልጁ የተለያየ ካልሲ አድርጎ ወጣ። ዝም አልኩ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ዝምታ ነበር፤ እንደ እኔ ካልተሠራ አልተሠራም የሚለው እምነቴ ከሸክሙ ግማሽ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። የመድኃኒት ጉዳይ ግን ከካልሲ ስለሚለይ ርክክቡን ቀስ ብለው ያድርጉት።

ስለ እንቅስቃሴ ደግሞ፣ ለአዋቂዎች የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ፈጠን ብሎ መራመድም ይቆጠራል። ልጆቹን ሲያደርሱ ከተራመዱ ከዝርዝሩ ሰርዘውታል ማለት ነው።

ምላሽ፦ ከ«ጎሕ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ሁለት ቀን» የሚለው ጥያቄ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ባለፈው ወር እናቴ እኅታቸው ዘንድ ሁለት ቀን ቆይተው ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ተኛሁ፤ በሁለተኛው ከልጆቹ ጋር ሥዕል ስንሥል ከልቤ ሳቅሁ። ይህ ተስፋ ቢሰጠኝም የእንቅልፌ ጉዳይ ስለቆየ የደም ምርመራውን አላልፈውም።

ትናንት ወንድሜን አነጋገርኩት። «ምን ላግዝሽ?» ሲለኝ እንደ ወትሮዬ ዝርዝር ልሰጠው ነበር፤ ተውኩትና የእናታችንን የሐኪም ቀጠሮ ሁሉ ከነመዝገቡ አስረከብኩት። የእኔም ቀጠሮ ማክሰኞ ነው፤ የሚያስታውሰኝ እርሱ ነው እንጂ እኔ አልጻፍኩትም።