ለወንዱ ጭብጨባ፣ ለሴቷ ዝምታ፦ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ስፖርተኞች ማንነታቸውን ይፋ ሲያደርጉ አቀባበሉ ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ ከ«ሰንጠረዥ»

ለረጅም ጊዜ ሳብሰለስለው የቆየሁትን አንድ ጉዳይ በጥሞና ለምታስቡ ሰዎች ላቀርብ ወደድሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

በ2013 በኤፕሪል ወር፣ ሁለት ሳምንት በማይሞላ ልዩነት ውስጥ፣ ሁለት አሜሪካውያን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል። የመጀመሪያዋ ብሪትኒ ግራይነር ነበረች። በዚያው ሰሞን በሴቶቹ ሊግ፣ በደብሊውኤንቢኤ፣ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆና ፊኒክስ ሜርኩሪ ወስዷት ነበር። ጉዳዩን በአንድ ቃለ መጠይቅ መካከል ድምጿን ሳትለውጥ አንስታ አለፈችው፤ ዜናውም ብዙ ሳይቆይ ከሰው አፍ ጠፋ። ሁለተኛው ጄሰን ኮሊንስ ነው። በወንዶቹ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ 12 የውድድር ዘመን ያሳለፈ፣ ነጥብ በማስቆጠር ሳይሆን ጉልበተኛ አጥቂዎችን በመግታት የሚታወቅ ተጫዋች ነበር። ኤፕሪል 29 ስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት ላይ ጽሑፉ ሲወጣ ፕሬዚዳንት ኦባማ ስልክ ደወሉለት፣ ታላላቅ ተጫዋቾች ድጋፋቸውን ገለጹለት፣ ዜናውም ስፖርት የማይከታተሉ ሰዎች ቤት ሳይቀር ገባ።

ከሁለቱ በስፖርቱ ውስጥ የላቀ ስፍራ የነበራት ግራይነር መሆኗ አያከራክርም። ታዲያ ለእርሷ ዝምታ፣ ለእርሱ ያ ሁሉ ጭብጨባ የሆነው ስለ ምንድን ነው? አንዳንዶች «ኅብረተሰቡ ሴቶቹን አስቀድሞ ስለተቀበላቸው ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ አባባል ልቤን አያሳርፈውም፤ ነገር ግን የምቃወምበትን ምክንያት አጥርቼ ማስቀመጥ አልቻልሁም።

ምላሽ፦ ከ«ግራ ክንፍ»

ልብዎ አለማረፉ ትክክል ይመስለኛል። በእኔ እምነት ዝምታውም ጭብጨባውም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ ምንጩም ስፖርት የወንድነት መለኪያ ነው የሚለው ሥር የሰደደ አስተሳሰብ ነው። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ጠንካራ፣ ፈጣንና ተጋፊ የሆነች ሴት ገና ማሊያ ስትለብስ ጀምሮ «ሴትነቷ ያጠራጥራል» ተብላ በሹክሹክታ ትታማለች፤ ስለዚህ እውነቱን በተናገረች ቀን ሰሚው «ይህንማ ድሮም ጠርጥረን ነበር» ብሎ ያልፋታል። ወንዱ ግን መጫወቱ ብቻ ከጥርጣሬ ነጻ ስለሚያደርገው፣ በተናገረ ቀን ስለ እርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ መልበሻ ክፍሉ፣ ስለ ቡድኑና ስለ ስፖርቱ ጭምር የታመነው ነገር ይናጋል። የምንሰማው ጩኸት፣ የድጋፉም ቢሆን፣ የዚያ መናጋት ድምፅ ነው።

የወንዱ ጭብጨባ ምን ያህል እንደሚያዛልቅ ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል። ማይክል ሳም በአሜሪካን ፉትቦል፣ በሞላላ ኳስ በሚጫወቱት ስፖርት፣ ጠንካራ ከሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ሊጎች በአንዱ የ2013 ምርጥ ተከላካይነትን ክብር ተጋርቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2014 ማንነቱን ይፋ ሲያደርግ ተወደሰ፤ የስፖርቱ ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ በሜይ ወር ባደረገው የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ግን በ249ኛ ደረጃ ተወሰደ፣ ከወቅቱ መጀመሪያ በፊትም ተሰናበተ፣ በኤንኤፍኤል አንድም መደበኛ ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ችሎታው ለዚያ ደረጃ ይበቃ ነበር ወይስ አይበቃም የሚለው ክርክር አሁንም አልተዘጋም፤ እኔ ግን ቁጥሮቹን አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው ያሳዝኑኛል።

በእንግሊዝ የሆነው ከዚህም የከፋ ነው። እግር ኳስ ተጫዋቹ ጀስቲን ፋሻኑ በ1981 ወደ ኖቲንግሃም ፎረስት በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ሲዛወር በዚያ ዋጋ የተገዛ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነበር። በ1990 ስለ ማንነቱ በጋዜጣ ሲናገር የገዛ ወንድሙ ሳይቀር በአደባባይ ካደው፤ በ1998 ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። ከእርሱ በኋላ በእንግሊዝ የወንዶች ፕሮፌሽናል እግር ኳስ እየተጫወተ ማንነቱን የተናገረ ሌላ ሰው እስኪገኝ 32 ዓመት ጠብቀናል፤ እርሱም በ2022 የ17 ዓመት ልጅ የነበረው የብላክፑሉ ጄክ ዳኒየልስ ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የወንዶች ዓለም ዋንጫ ማንነቱ በይፋ የታወቀ አንድም ተጫዋች አልነበረም፤ በቀጣዩ ዓመት በሴቶቹ ዓለም ዋንጫ ግን በደርዘን የሚቆጠሩ ነበሩ።

ምላሽ፦ ከ«የመልበሻ ክፍል»

ከላይ ከተጻፈው ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም የሴቶቹ ዝምታ የተገዛበት ዋጋ ሳይነገር እንዲታለፍ አልፈልግም። አሜሪካዊቷ የሜዳ ቴኒስ ኮከብ ቢሊ ጂን ኪንግ በ1981 የቀድሞ የሴት ጓደኛዋ በመሠረተችባት ክስ ምክንያት ማንነቷ ያለ ፈቃዷ ሲወጣ፣ የማስታወቂያ ውሎቿን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዳጣች ራሷ ተናግራለች፤ ራኬቷን ልታስቀምጥ ባሰበችበት ዕድሜም የጠበቃ ወጪ ለመክፈል ስትል መጫወቷን ለመቀጠል ተገድዳለች። በ1999 በአውስትራሊያ ኦፕን የ19 ዓመቷ ፈረንሳዊት አሜሊ ሞሬስሞ ስለ ሴት ጓደኛዋ በግልጽ ስትናገር፣ የፍጻሜ ተጋጣሚዋ ማርቲና ሂንጊስ «ግማሽ ወንድ» የሚል ቃል ተናገረችባት፤ በግማሽ ፍጻሜው የተሸነፈችው ሊንዚ ዳቬንፖርትም ከወንድ ጋር የተጫወተች ያህል እንደተሰማት ተናግራ ነበር፤ ዳቬንፖርት በኋላ ይቅርታ ጠይቃለች። ልብ በሉ፤ ስድቡ ያነጣጠረው በፍቅሯ ላይ ሳይሆን በትከሻዋ ስፋት ላይ ነው። ሞሬስሞ ከሰባት ዓመት በኋላ ያንኑ ዋንጫና ዊምብልደንን በአንድ ዓመት አንስታለች።

የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ የነበሩት ረኔ ፖርትላንድም በቡድናቸው ሌዝቢያን እንደማይፈልጉ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሳይሸሽጉ ይናገሩ ነበር። አንዲት ተጫዋች ከከሰሰቻቸው በኋላ ዩኒቨርሲቲው በ2006 10,000 ዶላር ቀጣቸው፤ በ2007 ሥራቸውን ለቀቁ። ከመጀመሪያው ንግግራቸው እስከ ቅጣቱ ድረስ ያለፈውን ጊዜ አስቡት። ስንት ልጅ በዚያ መካከል አንገቷን ደፍታ ተጫውታ ይሆን?

እኔም ለስድስት ዓመት እጅ ኳስ ተጫውቻለሁ፤ ቡድኑን አልጠራም። አንድ ቀን ለስፖንሰሩ የቡድን ፎቶ ልንነሳ ስንዘጋጅ ኃላፊው ወደ መልበሻ ክፍሉ በር መጥተው ፀጉራችንን እንድንፈታና ከንፈራችንን እንድንቀባ ነገሩን፤ ሊፕስቲኩን አንዲት ልጅ በፕላስቲክ ከረጢት ይዛው ገባች፣ አንዱንም ለአሥራ አራታችን አዳረስነው። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠችው የቡድናችን ምርጥ ግብ ጠባቂ የምትፈታው ፀጉር ስላልነበራት ከኋላ ረድፍ፣ ከረጅሞቹ ልጆች ጀርባ እንድትቆም ተደረገ። እርሷ ስለ ራሷ ለማንም ምንም ብላ አታውቅም ነበር። ማንም ሳይጠይቃት ፀጉሯ መልስ ሆኖ ተቆጠረባት። «ሴቶቹን ኅብረተሰቡ ተቀብሏቸዋል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያ በር ነው ትዝ የሚለኝ።

ምላሽ፦ ከ«ሁለተኛው አጋማሽ»

እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ ቢያንስ ካሜራ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። የደቡብ አፍሪካ የሴቶች እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የነበረችው ኢዩዲ ሲሜላኔ ሌዝቢያን መሆኗን ሳትደብቅ የኖረች ሴት ነበረች፤ በ2008 በመኖሪያ አካባቢዋ በኳቴማ በግፍ ተገደለች። በሴቶች ላይ ያለው አቀባበል «ለዘብ ያለ» ነው ብለን ስንናገር የማንን ሕይወት እየቆጠርን እንደሆነ መጠንቀቅ አለብን፤ የስታዲየሙ ዝምታና የመንደሩ ጥላቻ በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉና።

ኮሊንስን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ በኋላ ክለብ ሳያገኝ አሥር ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ነበር የቀሩት፤ ብሩክሊን ኔትስ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2014 የ10 ቀን ውል እስኪሰጠው ድረስ። የሚፈልገው 98 ቁጥር ነበር፤ በ1998 በጥላቻ የተገደለውን ተማሪ ማቲው ሼፐርድን ለማስታወስ ቀድሞም የለበሰው ቁጥር ነው። ማሊያው ስላልደረሰ በመጀመሪያው ምሽት 46 ቁጥር ለብሶ ገባ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዴንቨር ላይ የሼፐርድን ወላጆች አገኛቸው። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ግን የአቀባበሉ ትክክለኛ መለኪያ የስልክ ጥሪው ሳይሆን ከጥሪው በኋላ ያሉት ባዶ ወራት ይመስሉኛል።

ምላሽ፦ ከ«ሰንጠረዥ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የግራይነርን ዜና ዝምታ እንደ ሰላም ቆጥሬው እንደነበር አሁን ገባኝ፤ ለካ ዝም ያለው ሕዝብ አስቀድሞ ፈርዶባት ኖሮ ሊሆን ይችላል። አሁንም ያልተፈታልኝ ነገር ግን አለ። ያንን ዝምታ ራሳቸው ሴቶቹ ለመልካም ሊጠቀሙበት አልቻሉም ወይ? አሜሪካዊቷ እግር ኳስ ተጫዋች ሜጋን ራፒኖ በ2012 ከተናገረች በኋላ በ2015 እና በ2019 የዓለም ዋንጫ አንስታለች፤ በሁለተኛውም ምርጥ ተጫዋች ተብላ ተመርጣለች። ለወንዶቹ እንዲህ ያለ መንገድ እስካሁን አልታየኝም። «የመልበሻ ክፍል» ደግሞ፣ ያቺ ግብ ጠባቂ ኋላ ምን እንደሆነች ሊነግሩን ይችላሉ? መጠየቄ ካላስቀየመዎት።

ምላሽ፦ ከ«የመልበሻ ክፍል»

አላስቀየመኝም። ስለ ራፒኖ የተናገሩት እውነት ነው፤ እንዲያውም የሴቶቹ ቡድኖች ማንም ሳያያቸው በቆዩባቸው ዓመታት እርስ በርስ መጠባበቅን ስለተማሩ፣ አንዷ ስትናገር ሌሎቹ አጠገቧ መቆማቸው ብርቅ አይደለም። የወንዱ ተጫዋች ትልቁ ችግር ብቻውን መናገሩ ነው።

ግብ ጠባቂዋ ከሁለት ዓመት በኋላ መጫወት አቆመች፤ ዛሬ ልጆች ታሠለጥናለች፤ ስለ ራሷ ምን እንደምትልና ለማን እንደምትል የእርሷ ጉዳይ ነው። ፎቶው ግን እኔ ጋ አለ። ዋንጫውን ባነሳንበት ዓመት የተነሳነው ነው፤ ዋንጫውን ያስገኘችልን እርሷ ስትሆን፣ በምስሉ ላይ የሚታየው ግንባሯና አንድ ትከሻዋ ብቻ ነው።