አዲስ የስፒከር ገመድ እንደ ምጣድ ይሟሻል?

የምጽፈው ከደሴ ነው። አንድ አሮጌ አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ሳጥን ስፒከሮች አሉኝ። አብዛኛውን ጊዜ የማዳምጠው በባቲና በአምባሰል ቅኝት የተዜሙ የቆዩ ዘፈኖችን ነው። የድሮው ገመድ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ስላወጣ፣ ከ3 ሳምንት በፊት ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር 4 ሜትር ገዝቼ ቀየርኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከበሮው ጠፋ። ማሲንቆው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ዘፋኟ ግን የት እንደቆመች አይታወቅም፣ ከየግድግዳው የምታዜም ይመስላል። ለሻጩ ብነግረው «አዲስ ገመድ እንደ አዲስ ምጣድ መሟሸት አለበት፤ 100 ሰዓት አጫውተው» አለኝ። እናቴ ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሽ አይቻለሁ፤ ገመድ በምን እንደሚሟሽ ግን አልገባኝም። ቢሆንም ታዘዝኩ። ሥራ ስሄድ ሬዲዮውን ከፍቼ እየተውኩ ወደ 150 ሰዓት ደረስኩ። ጎረቤት ከመሰልቸቱ በቀር ለውጥ የለም።

በመልቲሜትር ለካሁ፤ የተበጠሰ ነገር የለም። የድሮውን ገመድ የዛገ ጫፉን ቆርጬ መልሼ ሳስረው ከበሮው ወዲያው ተመለሰ። ምናልባት ይጠቅም እንደሆነ፦ የድሮው ገመድ በአንድ በኩል ቀይ መስመር ነበረው፤ የአዲሱ ሁለት ሽቦዎች ግን ልባሳቸው አንድ ዓይነት ጥቁር ስለሆነ ያሰርኳቸው በግምት ነው።

መዳብ በእርግጥ ብዙ በተጫወተ ቁጥር ድምፁ የሚለወጥ ነገር ነው ወይስ ጥፋቱን ከራሴ አስተሳሰር ላይ ልፈልገው?