አስቸኳይ፦ ኮከቦቹ ሰረዝ እየሆኑብኝ ነው፣ ሰሜን ኮከብም አትታየኝም

ዳዊት_ሰማይ፦ እባካችሁ ቶሎ። ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል። የኦሪዮንን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) እያነሳሁ ነው። የአንድ ደቂቃ ፎቶ ላይ ኮከቦቹ ሁሉ ሰረዝ ሆነው ይወጣሉ። የማውንቱ (ካሜራውን ተሸክሞ ኮከቦቹን እየተከተለ የሚዞረው መቆሚያ) ሞተር ሳይበላሽ አልቀረም። በፖላር ስኮፑ (ማውንቱን ወደ ሰሜን ኮከብ ማነጣጠሪያ ትንሽ መነጽር) ሳይ ሰሜን ኮከብ የለችም። ምን ላድርግ?

አቤል_ቨርጂኒያ፦ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ማውንቱ በትክክል የሚከተለው ዛቢያው (የሚዞርበት መስመር) ከመሬት ዛቢያ ጋር ትይዩ ሲሆን ነው። ሰሜን ኮከብ ራሷ ከዋልታው (ሰማዩ ከሚዞርበት ነጥብ) ከ0.6 ዲግሪ ትንሽ በላይ ትርቃለች። ስለዚህ እሷን መሀል ላይ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። እኔ ጋ 38 ዲግሪ ከፍታ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ኪያ፦ በስልክህ ኮምፓስ ወደ ሰሜን አዙረው፣ አለቀ።

ማርታ_ሪያድ፦ ወንድሜ፣ የት ነህ? ሌንስህስ ስንት ነው?

ዳዊት_ሰማይ፦ ሽሮ ሜዳ፣ ጣሪያ ላይ። 400 ሚሊ ሜትር። የማውንቱ ዛቢያ ደግሞ ከ15 ዲግሪ ከፍታ በታች አይወርድም።

ቢኒ፦ ሽሮ ሜዳ ሆነህ ሰሜን ኮከብ? እንጦጦ ደብቋታል በለኛ 😄

ሄኖክ፦ ግን ለምን ትለፋለህ? በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ8 ሰከንድ ፎቶ ደጋግመህ አንሳና ደርድራቸው። ማውንትም አያስፈልግህ።

ዳዊት_ሰማይ፦ በ50 ኔቡላው ነጥብ ነው የሚያክለው።

ኪያ፦ ኮምፓሱን ሞከርከው?

ማርታ_ሪያድ፦ ኮምፓስ ለመነሻ ይሆናል። የጣሪያው ቆርቆሮና ብረት ግን ያሳስተዋል። ሞተርህ ጤነኛ ይመስለኛል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ናት፣ ዛቢያህም በዚያው ልክ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ ማለት ያለበት፤ የአንተ ማውንት 15 ላይ ቆሟል። 6 ዲግሪ ስህተት አለህ ማለት ነው።

የትራይፖዱን (የባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ) የሰሜኑን እግር አሳጥር፣ ወይም ከደቡቦቹ እግሮች ሥር ድንጋይ አስገባ። ከሰሜኑ እግር እስከ ደቡቦቹ አንድ ሜትር ከሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት 6 ዲግሪ ገደማ ይሰጥሃል። እንዳይገለበጥ ከታች ክብደት አንጠልጥልበት። የሚዛኑ ዘንግ የትራይፖዱን እግር እንዳይመታም ተጠንቀቅ።

ቀጥሎ ያለ ሰሜን ኮከብ በድሪፍት (ኮከብ ከመሀል ወዴት እንደሚንሸራተት በማየት) አስተካክል። የኦሪዮን ቀበቶ አናትህ ላይ ሲደርስ አንዱን ኮከብ መሀል አስገባ። ሌንሱን ትንሽ ወደ ሰሜን ግፋው፤ ኮከቡ በምስሉ የሸሸበት ጎን ደቡብ ነው። መልሰህ መሀል አድርገውና ጠብቅ። ወደ ደቡብ ከሄደ የዛቢያውን ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ምዕራብ አዙር፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ወደ ምሥራቅ። ከዚያ ምሥራቅ ላይ ዝቅ ያለ ኮከብ ያዝ። ወደ ደቡብ ከሄደ ዛቢያውን ከፍ አድርግ፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ዝቅ። ትራይፖዱ ስለተጋደመ አንዱን ስትነካ ሌላው ይዛባል፣ ሁለቱንም ደግማቸው።

አቤል_ቨርጂኒያ፦ ማርታ ትክክል ናት። ላፕቶፕ ካለህ ኒና የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ በሦስት ነጥብ የሚያስተካክል ተጨማሪ አለ። ዋልታውን ማየት አይጠበቅብህም፣ የትኛውም የሰማይ ክፍል ይበቃዋል።

ዳዊት_ሰማይ፦ ድንጋይ ፍለጋ ወርጃለሁ።

ሊያ_ሐዋሳ፦ እኔስ? እዚህ 7 ዲግሪ ነው፣ የኔም ማውንት 15 ላይ ነው የሚቆመው።

ማርታ_ሪያድ፦ በአንድ ሜትር 14 ሴንቲ ሜትር። ሊያዬ፣ ድንጋዩን ትተሽ ጠንካራ ጣውላ በሽብልቅ ቅርፅ አስቆርጪ።

ኪያ፦ ኮምፓስም ያዢ።