ለዲጂታል ፎረንሲክ (ከኮምፒውተርና ከመሰል መሣሪያዎች ማስረጃ የማውጣት ሙያ) የትኛው ትምህርት ክፍል ይሻላል?

ጠያቂ፦ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፤ የምርጫ ጊዜ ደርሷል። ኮምፒውተር ሳይንስና ምህንድስና ልግባ ወይስ ሶፍትዌር ምህንድስና?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ምረጥ። ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ኔትወርክን አጥብቀህ ያዝ። ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ብዙውን ጊዜ የሚነካው ፋይሉ የት እንዳለ የሚያሳየው ምዝገባ ነው፤ ዳታው ሌላ እስኪጻፍበት ይቆያል። ኤስኤስዲ (በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) ላይ ግን በትሪም (የተሰረዘው ቦታ እንዲጸዳ ለዲስኩ የሚነግር ትዕዛዝ) ምክንያት ቶሎ ሊጠፋ ይችላል። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ ሶፍትዌሩ ያሳየውን ከማንበብ አያልፍም።

መልስ 2፦ ልምምዱን ምረቃ ድረስ አታቆየው፤ ኦቶፕሲ የተባለው የምርመራ ሶፍትዌር ነፃ ነው። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ፎቶዎች ጭነህ ሰርዝ፣ ሙሉ ኢሜጅ (የፍላሹን ትክክለኛ ቅጂ) ውሰድ፣ የፍላሹንና የኢሜጁን ሻ-256 ሃሽ (ዳታው ሲለወጥ የሚለወጥ መለያ ቁጥር) አመሳክር። ያለ ራይት ብሎከር (ፍላሹ ላይ መጻፍን የሚከለክል መሣሪያ) ከሰካኸው ዊንዶውስ ራሱ ሊጽፍበት ይችላል፤ ያኔ ሃሹ ይለወጣል።

መልስ 3፦ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ንም አንብብ። ማስረጃውን ማን ከማን መቼ እንደተረከበ ካልተመዘገበ፣ ጥሩ ምርመራም ፍርድ ቤት ላይ ጥያቄ ይነሳበታል።